ቤይሊፉ የጨመረብዎት ክፍያ ልክ ነው? ያልተከፈለ የካውንስል ታክስና የማስከፈያው ታሪፍ

እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ሰው 1,340 ፓውንድ የካውንስል ታክስ (ለአካባቢ መስተዳድሩ፣ ማለትም ለካውንስሉ የሚከፈል የቤት ግብር) ውዝፍ እንዳለበት ያውቃል እንበል። አንድ ቀን ቤይሊፍ (ዕዳ ለማስከፈል የሚላክ አስፈጻሚ) በበሩ ሥር ያስገባውን ወረቀት ሲያነሳ ግን ቁጥሩ 1,650 ሆኗል። 310 ፓውንዱ ከየት መጣ? አንዳንዱ ደንግጦ ሙሉውን ይከፍላል፤ ሌላው ተናዶ ወረቀቱን ይጥላል። የመጀመሪያው የማይገባውን ሊከፍል ይችላል፤ የሁለተኛው ዕዳ ደግሞ ዝም ባለ ቁጥር ያድጋል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው። ቤይሊፍ ክፍያ በራሱ ፈቃድ አይቆርጥም። ክፍያው በሕግ ተቆርጦ የወጣ ታሪፍ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍያም የሚታሰበው አንድ የተወሰነ ድርጊት ሲፈጸም ብቻ ነው። ድርጊቱ ካልተፈጸመ፣ ወይም ሕጉ ባዘዘው መንገድ ካልተፈጸመ፣ ክፍያውን መቃወም ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪው ካልሄደበት መንገድ ሂሳብ መጠየቅ እንደማይችለው ማለት ነው።

እዚህ የምናብራራው የእንግሊዝን አሠራር ነው። የቤይሊፍ ታሪፉ በዌልስም ይሠራል። ስኮትላንድ ግን የራሷ ሕግና የራሷ አስፈጻሚዎች አሏት።

ዕዳው ቤይሊፍ እጅ የሚገባው እንዴት ነው?

የካውንስል ታክስ ብዙውን ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ በ10 ወር ተከፋፍሎ ይከፈላል። አንዱ ወር ሲያልፍ ካውንስሉ ማስታወሻ ይልካል፤ በ7 ቀን ውስጥ ካልተስተካከለና ሌላ 7 ቀን ካለፈ በየወሩ የመክፈል መብቱ ይቀርና የዓመቱ ቀሪ ሂሳብ በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ቀጥሎ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት መጥሪያ ይመጣል። ፍርድ ቤቱ «ይህ ሰው ይህን ያህል ዕዳ አለበት» ብሎ የሚሰጠው ትእዛዝ ላያቢሊቲ ኦርደር ይባላል። ካውንስሉ ቤይሊፍ መላክ የሚችለው ይህን ትእዛዝ ካገኘ በኋላ ነው። በትእዛዙ ላይ ካውንስሉ ለፍርድ ቤት ያወጣሁት የሚለው ወጪም ይደመራል።

ያ የፍርድ ቤት ወጪ ከቤይሊፍ ክፍያ የተለየ ነው፤ እሱንም ግን መጠየቅ ይቻላል። ፖል ኒኮልሰን የተባሉ ቄስ የለንደኑ የሃሪንጌ ካውንስል የጨመረባቸውን 125 ፓውንድ ተቃውመው እ.ኤ.አ. በ2015 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ረትተዋል። ፍርዱ ካውንስሎች ለመጥሪያውና ለትእዛዙ በእውነት ካወጡት ምክንያታዊ ወጪ በላይ መጠየቅ እንደማይችሉ፣ ማጅስትሬቱም አሃዙ እንዴት እንደተሰላ ሳያውቅ ማጽደቅ እንደሌለበት አረጋግጧል። ይህን ጥያቄ ማንሳት የሚሻለው መጥሪያው እንደመጣ፣ ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ታሪፉ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ደንብ የቤይሊፉን ሥራ በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው የማስታወቂያ ደረጃ ነው፤ ፋይሉ ቤይሊፉ ለሚሠራበት ድርጅት እንደተላለፈና ደብዳቤ መላክ እንደተጀመረ 75 ፓውንድ ይታሰባል። ሁለተኛው ቤይሊፉ በአካል ወደ ቤትዎ የሚመጣበት ነው፤ 235 ፓውንድ። ሦስተኛው ንብረት ተጭኖ ለሽያጭ የሚሄድበት ነው፤ 110 ፓውንድ። ዕዳው ከ1,500 ፓውንድ በላይ ከሆነ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ ከ1,500 በላይ ባለው ላይ ብቻ 7.5 በመቶ ይጨመራል። መንግሥት ታሪፉን በ5 በመቶ ከፍ ለማድረግ ማሰቡን ስላስታወቀ፣ ደብዳቤዎን ከመሞገትዎ በፊት ጎቭ ዶት ዩኬ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በዕለቱ ያለውን አሃዝ ያመሳክሩ። ስሌቱ ያው ነው፤ የሚለወጠው ቁጥሩ ነው።

ከላይ የጠቀስነው 310 እንግዲህ 75 ሲደመር 235 መሆኑ ነው። ዕዳው 2,300 ቢሆን ኖሮ ከ1,500 የሚተርፈው 800 ስለሆነ 7.5 በመቶው 60 ፓውንድ ይመጣል፤ ክፍያው በጠቅላላ 370 ይሆናል። የተጻፈልዎት ቁጥር በዚህ መንገድ ካልመጣ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስሕተት 7.5 በመቶውን ከ1,500 በላይ ባለው ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ዕዳ ላይ ማስላት ነው፤ በ2,300 ዕዳ ላይ እንዲህ ቢደረግ ከ60 ይልቅ 172 ከ50 ይጠየቃሉ።

ደንቡ ውስጥ ለየደብዳቤው፣ ለስልክ ጥሪ ወይም ለጽሑፍ መልእክት የሚከፈል የተለየ ክፍያ የለም። ቤይሊፉ አምስት ጊዜ ቢመላለስም 235 የሚታሰበው አንድ ጊዜ ነው። በግል የባንክ ካርድ ስለከፈሉ ተጨማሪ ማስከፈልም ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ክልክል ነው። የዕቃ ማከማቻና የቁልፍ ሠሪ ወጪ ሊጠየቅ የሚችለው በእውነት ከወጣና ምክንያታዊ ከሆነ ነው፤ ደረሰኙን ይጠይቁ።

235 ፓውንዱ መቼ ነው የሚታሰበው?

አብዛኛው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም እናድርገው። «ቤት አልነበርኩም፣ አላገኘኝም» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ቤይሊፉ ደጅዎ ድረስ መጥቶ ማንም ባይከፍትለትም ደረጃው ተጀምሯል። የሚሠራው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከመምጣቱ በፊት ሕጋዊው ማስታወቂያ በትክክል ደርሶ ነበር ወይ?

ሕጉ ቤይሊፉ ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥና በመካከል 7 ሙሉ ቀናት እንዲያልፉ ያዝዛል። ማስታወቂያው የተሰጠበት ቀን አይቆጠርም፤ የሚመጣበት ቀንም አይቆጠርም፤ እሑድና የሕዝብ በዓላትም አይቆጠሩም። ማስታወቂያው ሰኞ በእጅዎ ከገባ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ አምስት ናቸው፤ እሑድ ይዘለላል፤ ሰኞና ማክሰኞ ሰባቱን ይሞላሉ። ስለዚህ ቤይሊፉ ቶሎ ቢመጣ ረቡዕ ነው። ሰኞ ተሰጥቶ በሳምንቱ ሰኞ ከመጣ ቸኩሏል፤ 235ቱ ሊጠየቅ አይገባም።

በፖስታ የተላከ ከሆነ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ሳይሆን በመደበኛው የፖስታ ጉዞ ይደርሳል ተብሎ ከሚገመትበት ቀን ነው። ለዚህ ነው ፖስታው መጣል የሌለበት። ደብዳቤው ላይ 3 ኛው ቀን ተጽፎ ፖስታው ላይ የታተመው ማህተም 7 ኛውን ቀን ሊያሳይ ይችላል፤ የአራት ቀን ልዩነት ክፍያውን የሚያሰርዝ ሊሆን ይችላል። ፖስታውንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ የደረሰበትንም ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት።

ሌላው የአድራሻ ጉዳይ ነው። ማስታወቂያው መላክ ያለበት እርስዎ በአብዛኛው ወደሚኖሩበት ቦታ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚቀያየር ሰው ብዙ ነው፤ ማስታወቂያው ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ ቤይሊፉ በአዲሱ በር ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ወሬ እሱ ይሆናል። መቼ እንደለቀቁ የሚያሳይ ነገር ይፈልጉ፦ አዲሱ የኪራይ ውል፣ የመብራት ሂሳብ፣ የባንክ ደብዳቤ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለካውንስሉ አድራሻ መቀየርዎን የነገሩበት ኢሜይል ነው። ካውንስሉ እያወቀ ለድርጅቱ የድሮውን አድራሻ ሰጥቶ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ሦስተኛው፣ በማስታወቂያው ደረጃ ላይ ሳሉ በየወሩ ለመክፈል ተስማምተው፣ በስምምነቱ መሠረት እየከፈሉ ሳለ ቤይሊፍ ከመጣ ነው። የከፈሉበት የባንክ ዝርዝር በቂ ማስረጃ ነው። በተቃራኒው አንድ ወር ከዘለሉ ፋይሉ ወደ ሁለተኛው ደረጃ እንዲሄድ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ የማይችሉትን መጠን ቃል አይግቡ። በወር 40 ከሆነ የሚችሉት 40 ይበሉ፤ ገቢና ወጪዎን በአንድ ገጽ አስፍረው ያያይዙ።

የሁለት ዓመት ዕዳ በአንድ ላይ ቢመጣስ?

ለእያንዳንዱ ዓመት የተለየ ትእዛዝ ስለሚወጣ ሁለት የማጣቀሻ ቁጥር ያላቸው ሁለት ደብዳቤዎች ይደርሱዎት ይሆናል። አንዱ 640፣ ሌላው 780 ፓውንድ ነው እንበል። 75ቱ ለእያንዳንዱ ሊታሰብ ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ጉብኝት ማስኬድ ሲቻል ግን 235ቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደንቡ ድርጅቱ ወጪውን በተቻለ መጠን እንዲቀንስ ያስገድዳል። ስለዚህ ትክክለኛው 150 ሲደመር 235፣ ማለትም 385 ነው። 620 ከተጠየቁ 235 ፓውንድ በትርፍ ተጭኖብዎታል። ቤይሊፉ ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ቀን ተቀብሎ ማክሰኞ ለአንዱ፣ ሐሙስ ለሌላው መምጣቱ መልስ አይሆንም፤ ለምን አብሮ እንዳልተሠራ ማስረዳት ያለበት ድርጅቱ ነው።

እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ሰው የተለየ ጥበቃ አለ?

አለ፤ ወገኖቻችን ሳይጠቀሙበት የሚቀረውም ይኸው ነው። የእንግሊዝ ፍትሕ ሚኒስቴር ያወጣው የቤይሊፎች መመሪያ ለጉዳት የተጋለጡ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ በጽኑ የታመሙ፣ በቅርቡ ሐዘን የደረሰባቸው፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሥራ የሌላቸውና እንግሊዝኛ መናገር፣ ማንበብ ወይም መረዳት በግልጽ የሚቸግራቸው ሰዎች ይገኙበታል።

ይህ ከክፍያው ጋር የሚገናኘው በደንቡ 12ኛ አንቀጽ በኩል ነው። ባለዕዳው ለጉዳት የተጋለጠ ሰው ከሆነ፣ ቤይሊፉ ንብረት ወደ መውሰድ ከመሄዱ በፊት እርዳታና ምክር የሚያገኝበት በቂ ጊዜ ካልሰጠው በስተቀር የ235ቱን ክፍያ መጠየቅ አይችልም። «ተጋላጭ ነኝ» ብሎ መጻፍ ብቻ ግን አያስኬድም። ምን እንደሚቸግርዎት፣ ያ ችግር ደብዳቤውን እንዳይረዱት ወይም መልስ እንዳይሰጡ እንዴት እንዳደረገ በዝርዝር ይጻፉ። ከሐኪም ደብዳቤ፣ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የደረጃ ወረቀት፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ አስተዳዳሪ የድጋፍ ደብዳቤ ማያያዝ ይጠቅማል። ድርጅቱ እስኪያጣራ ፋይሉን እንዲያቆም፣ ካውንስሉም ዕዳውን ከቤይሊፍ መልሶ እንዲወስድ ይጠይቁ።

ዕዳው ከመጀመሪያውም የእኔ ካልሆነስ?

ያኔ በክፍያው ላይ ከመከራከር መሠረቱን መንካት ይሻላል። መንግሥት ጥገኝነት ለጠየቁ ሰዎች በሚሰጠው መኖሪያ ውስጥ የሚኖር ሰው የካውንስል ታክስ አይመለከተውም፤ ኃላፊው ባለቤቱ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በተለየ ውል በሚከራይበት የጋራ ቤትም የሚከፍለው አከራዩ ነው። ሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ብቻ የሚኖሩበት ቤት ነፃ ነው። ብቻውን የሚኖር አዋቂ 25 በመቶ ይቀነስለታል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ካውንስል ታክስ ሪዳክሽን የሚባለውን ቅናሽ ማመልከት ይችላል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲታሰብለትም መጠየቅ ይችላል። ሂሳቡ ከተሻረ ወይም ከቀነሰ በላዩ ላይ የቆመው የቤይሊፍ ክፍያም አብሮ እንዲነሳ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ቅሬታው እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ መረጃ ይሰብስቡ። ለድርጅቱ በኢሜይል ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የእያንዳንዱ ክፍያ ዝርዝር ከታሰበበት ቀን ጋር፣ ማስታወቂያው የተላከበት ቀን፣ መንገድና አድራሻ፣ እንዲሁም ቤይሊፉ መጣሁ ያለበት ቀንና ሰዓት ከስሙ ጋር። በመረጃ ጥበቃ ሕግ ስለ እርስዎ የያዙትን ሁሉ በነፃ እንዲሰጡዎትም ይጠይቁ፤ መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። ብዙ ቤይሊፎች ደረታቸው ላይ ካሜራ ያደርጋሉ፤ ምስሉ ለዘላለም ስለማይቀመጥ ጥያቄውን በዚያው ሳምንት ይላኩ። ስልክ ደውሎ መጨቃጨቅ ምንም ማስረጃ አይተውም።

መረጃው ሲመጣ ቅሬታውን በአንድ ገጽ ይጻፉ። የማጣቀሻ ቁጥሩ ከላይ ይሁን። ቀጥሎ የትኛውን ክፍያ እንደሚቃወሙ በአሃዝ፣ ለምን እንደሚቃወሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ። ለምሳሌ፦ «ማስታወቂያው በእጄ የደረሰው ሰኞ ነው። ቤይሊፉ የመጣው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። 7 ሙሉ ቀናት አልሞሉም። 235 ፓውንዱ ከሂሳቤ እንዲነሳ እጠይቃለሁ።» በቀላል እንግሊዝኛ እንዲህ አጭር ሆኖ የተጻፈ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ምሬት ከያዘው ይበልጣል። ስድብና ማስፈራሪያ ሲገባበት ዋናው ነጥብ ይጠፋል።

ቅሬታውን ለድርጅቱም ለካውንስሉም በአንድ ቀን ይላኩ። ካውንስሉ «እኛን አይመለከትም፣ ድርጅቱን አነጋግሩ» ሊል ይችላል። ይህ ልክ አይደለም። ቤይሊፉ የሚሠራው በካውንስሉ ስም ስለሆነ ለቤይሊፉ ሥራ ካውንስሉ ይጠየቃል። የካውንስሉ የቅሬታ ሂደት አልቆ መልሱ ካላረካዎት እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ መስተዳድር እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ጉዳዩን ካወቁ 12 ወር ሳያልፍ ማመልከት ይገባል። እንባ ጠባቂው ፍርድ ቤት የሰጠውን ትእዛዝ አይሽርም፤ የቤይሊፉንና የካውንስሉን አሠራር ግን ይመረምራል፣ ገንዘብ እንዲመለስም ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተቋቋመው ኢንፎርስመንት ኮንዳክት ቦርድም በሥሩ በተመዘገቡ የቤይሊፍ ድርጅቶች ላይ ቅሬታ ይቀበላል።

በካውንቲ ፍርድ ቤት ኤን 244 በተባለው ቅጽ ዳኛ ክፍያውን እንዲመረምር ማመልከትም ይቻላል። ግን የማመልከቻ ክፍያ አለው፤ ከተሸነፉም የሌላውን ወገን ወጪ ሊሸፍኑ ይችላሉ። ለ235 ፓውንድ ሲባል ያለ አማካሪ ወደዚያ መግባት አይመከርም።

ክርክሩ እስኪያልቅ ዕዳውን መክፈል ላቁም?

አያቁሙ። የማይከራከሩበትን የታክስ ዕዳ መክፈል ይቀጥሉ። ብዙ ሰው ዋናውን ዕዳ በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ከፍዬ ቤይሊፉን አስቀራለሁ ብሎ ያስባል፤ በሕጉ ግን በትክክል የታሰበ ክፍያ የዕዳው አካል ስለሚሆን ቤይሊፉ ለቀረው መምጣት ይችላል። የሚሻለው ካውንስሉ ፋይሉን ከቤይሊፍ ወስዶ ከደመወዝ ወይም ከድጎማ በየወሩ እንዲቆርጥ መጠየቅ ነው። ያ መንገድ የቤይሊፍ ክፍያ የለበትም።

ቤይሊፉ ደጅ ላይ ቢቆም ምን ላድርግ?

ለካውንስል ታክስ ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በኃይል መግባት አይችልም። በተከፈተ በር ግን ይገባል። ስለዚህ በሩን ቆልፈው በመስኮት ወይም በፖስታ ቀዳዳ ያነጋግሩት፤ መታወቂያውንና ሥልጣን የሰጠውን ወረቀት በዚያው ያሳይዎት። መምጣት የሚችለው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በቤቱ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ካለ መግባት አይችልም፤ ልጆች በር እንዳይከፍቱ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አስተርጓሚም አያድርጓቸው።

አንዴ ገብቶ ዕቃ መዝግቦ ካስፈረመዎት ነገሩ ይለወጣል። ስምምነቱን ካፈረሱ አስቀድሞ አስታውቆ በኃይል ተመልሶ መግባት ይችላል። ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ አልጋና ለቤተሰቡ የሚበቃ ጠረጴዛና ወንበር አይወሰዱም። ለሥራዎ የግድ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች እስከ 1,350 ፓውንድ ዋጋ ድረስ የተጠበቁ ናቸው። መንገድ ላይ የቆመ መኪናዎን ግን ቤት ሳይገባ ሊያስረው ይችላል፤ ካሰረው በኋላ ለመውሰድ ቢያንስ 2 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ለታክሲና ለዕቃ ማድረስ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ከ1,350 በላይ የሚያወጣ መኪና በሥራ መሣሪያነቱ አይተርፍም።

ጊዜ ካጠረዎት ብሪዚንግ ስፔስ የሚባለው የ60 ቀን እፎይታ አለ፤ ከሜይ 4 ቀን 2021 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ቤይሊፍ አይመጣም፣ አዲስ ክፍያም አይጨመርም። ማስገባት የሚችለው ፈቃድ ያለው የዕዳ አማካሪ ነው፤ ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ስቴፕቼንጅ ወይም ናሽናል ዴትላይን በስልክ 0808 808 4000 በነፃ ያማክራሉ። ሲደውሉ የትእዛዙን ቀን፣ የቤይሊፉን ደብዳቤና ያንን ፖስታ አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁዎት ስለ ቀኖቹ ነው።